ጎመን በጤና

«ጎመን በጤና» የሚለውን አነጋገር የማያውቅ የአገራችን ሰው አይገኝም። ሥጋና ቅቤ ከጭንቀት ጋራ ከሚበላ፣ ጎመን ከሰላም ጋራ ይሻላል ለማለት ነው። እኛም ከልጅነታችን ጀምሮ ጎመኑን እንደ መጽናኛ ብቻ ስንቈጥረው ኖረናል። ጤናው ከዚያው ከጎመኑ ሊገኝ እንደሚችል ያሰብነው በአጎታችን ላይ የደረሰውን ካየን በኋላ ነው።

አጎታችን በመራዊ አጠገብ በቆጋ መስኖ የሚያርሱ ገበሬ ናቸው። የቆጋ ወንዝ የግልገል ዓባይ ገባር ነው፤ ግድቡም 7,000 ሄክታር ያህል እንዲያጠጣ የታቀደ በመኾኑ፣ ቀድሞ ክረምትን ይጠብቅ የነበረው መሬት ዛሬ በበጋ ሽንኩርት፣ ድንች፣ ጥቅል ጎመንና አቮካዶ ያበቅላል። አቮካዶው ባሕር ተሻግሮ አውሮፓ ይደርሳል፤ ወደ አጎታችን ማዕድ ግን አልደረሰም። ምክንያቱን በጠየቅናቸው ጊዜ፣ «ልጄ፣ እሱማ የገበያ ነው፤ ለኛ ሽሯችን አለችልን» ብለው ሳቁ።

ባለፈው ዓመት በጾም ወራት ከማሳ እንደ ተመለሱ፣ ቀኝ እጃቸውና ቀኝ እግራቸው አልታዘዝ አሏቸው፤ አንደበታቸውም ተያዘ። ሐኪሞቹ የደም ግፊታቸው ለብዙ ዘመን ከፍ ብሎ እንደ ኖረና በአንጎላቸው ያለ ደም ቅዳ እንደ ተዘጋ ነገሩን። ዘመዶቻችን «ጿሚ አልነበሩምን?» እያሉ ተደነቁ። ጾም ከቅቤ እንደሚጠብቅ እውነት ነው፤ ዳሩ ግን ሽሮዋ የምትሠራው ከባሕር ማዶ በሚመጣው፣ ብርድ ሲያገኘው በሚረጋው የፓልም ዘይት ነበር። የዚህም ዘይት ግማሽ ያህሉ በደም ውስጥ ኮሌስትሮልን የሚያበዛ ቅባት ነው። ጨውም በእፍኝ ይገባባታል።

አጎታችን የቦይ ሰው ናቸውና፣ ደም ቅዳን በደለል በሚጠብብ ቦይ መስለን ብንነግራቸው ወዲያው ገባቸው። ልዩነቱ፣ ይኸኛው ደለል የሚከማቸው በግድግዳው ውስጥ መኾኑ ነው። በአትክልትና በፍራፍሬ ያለው ፖታሲየም ኩላሊት ጨውን እንድታስወጣ ይረዳል፤ ቃጫውም የኮሌስትሮልን መጠን ይቀንሳል፤ ከቅጠላ ቅጠል የሚገኘው ናይትሬት ደግሞ በሰውነት ውስጥ ተለውጦ ደም ቅዳው ዘና እንዲል ያደርገዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ ዐዋቂ በቀን ቢያንስ 400 ግራም ይበቃል ይላል። በ2015 እ.ኤ.አ. በአገራችን በተደረገው ጥናት ግን፣ ከ100 ዐዋቂዎች ከ95 የሚበልጡት ከዚህ ልክ በታች ሲበሉ ተገኝተዋል። ቡሬ የተወለደ አንድ ባልደረባችን «በርበሬስ አትክልት አይደለም ወይ?» ብሎ ተሟግቶናል፤ 400 ግራም በርበሬ በቀን የሚችል ሆድ ካለው ሙግቱን እንቀበላለን።

በቅርቡ ልንጠይቃቸው በሄድን ጊዜ ነጋዴው አቮካዶ ሊጭን መጥቶ ነበር። እትዬ ግን አንዱን ቅርጫት ከሚዛኑ ላይ አንሥተው ወደ ጓዳ አስገቡት። በግራ እጅ መብላት ነውር ነውና፣ ጎመኑን በእንጀራ እየጠቀለሉ ያጐርሷቸዋል። «ጨው አነሰው» አሉ አጎታችን፣ በተሳሰረ አንደበታቸው። እትዬም እንዳልሰማ ሰው ሌላ ጉርሻ ጠቀለሉ።