ኦሪትን በተራ ስለ ማንበብ

ብዙ ዘመን መጽሐፍ ቅዱስን የማነብበው ደስ የሚለኝን እየመረጥሁ ነበር። ባዘንሁ ጊዜ መዝሙረ ዳዊትን፥ ደስ ባለኝ ጊዜ ወንጌለ ሉቃስን እገልጥ ነበር፤ ኦሪት ዘሌዋውያንንና ኦሪት ዘዳግምን ግን፥ ከገበታ ላይ ሥጋውን ብቻ ለቅሞ እንጀራውን እንደሚተው ልጅ፥ እየተውሁ አልፋቸው ነበር። ማንም አልወቀሰኝም፤ እኔም ራሴን አልወቀስሁም። እንዲያውም ማለዳ ማለዳ ሳላነብ ስለማልወጣ ደኅና አንባቢ የሆንሁ ይመስለኝ ነበር።

ይህን ልማድ ያስተወኝ የአንድ አብሮ አደጌ ደብዳቤ ነው። እርሱ በጎንደር አገር ከቤተ እስራኤል ወገን የተወለደ ነው፤ በግንቦት ወር 1983 ዓ.ም. ከ14,000 የሚበልጡ ወገኖቹ በአውሮፕላን ወደ እስራኤል በተወሰዱ ጊዜ አብሮ ሄደ። በአገሩ ሳለ ኦሪት በግእዝ ሲነበብ ይሰማ ነበር፤ በዚያ ደግሞ በዕብራይስጥ ይሰማል። የምኵራቡንም ሥርዓት እንዲህ ሲል ጻፈልኝ። አምስቱ የሙሴ መጻሕፍት በ54 ክፍል ተከፍለው በየሰንበቱ በተራ ይነበባሉ፤ በዓመቱም ይፈጸማሉ፤ ሰንበቶቹ ያነሱ እንደ ሆነ ሁለቱ ክፍል በአንድ ቀን ይነበባል። የሚነበበውም በእጅ ከተጻፈ የብራና ጥቅል ነው፤ በሰንበት ጧት 7 ሰዎች ተራ በተራ ወደ ንባቡ ይጠራሉ። የዳስ በዓል ሲፈጸም የሙሴን ሞት ያነብባሉ፤ በዚያው ቀንም ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሰማይና ወደ ምድር መፈጠር ይመለሳሉ።

ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ የአገራችን ቤተ ክርስቲያን የየዕለቱን ምንባብ የሚወስን ግጻዌ አላት። ሥርዓት ያልነበረኝ በቤቴ ውስጥ እኔ ራሴ ነበርሁ። ስለዚህ በወዳጄ ተራ ማንበብ ጀመርሁ። እውነቱን ለመናገር፥ ስለ ድንኳኑ መጋረጃና ስለ ቀለበቶቹ በሚናገረው ክፍል ሁለት ጊዜ አንቀላፍቻለሁ።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል፥ በነሐሴ መጨረሻ፥ ተራው ከኦሪት ዘዳግም «ስትወጣ» ወደሚባለው ክፍል ደረሰ፤ ይኸውም ከምዕራፍ 21 ቍጥር 10 ጀምሮ እስከ ምዕራፍ 25 ፍጻሜ ያለው ነው። የአይሁድ ሊቃውንት በዚህ በአንዱ ክፍል 74 ትእዛዛት ቈጥረዋል። እንደ ትልቅ ገበያ ሁሉም ነገር አለበት፤ ስለ ጠፋ በሬ፥ ስለ ወፍ ጎጆ፥ ስለ ሚዛን ድንጋይ፥ አፉን ስለማያስሩት የሚያበራይ በሬ ይናገራል። ደግሞም አዲስ ቤት የሠራ ሰው ከላይ ሰው ወድቆ እንዳይሞት በጣራው ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ ያዝዛል። በእኛ አገር ጣራ ላይ የሚቀመጥ የለምና ይህ ለእኔ አይደለም ብዬ ላልፍ ስል፥ በግቢዬ ያለው የውኃ ጉድጓድ ትዝ አለኝ። በሰኔ መጀመሪያ ያስቈፈርሁት ነው፤ ክረምቱን ሁሉ አፉ በጥቂት እሾህ ብቻ ተከቦ ቆየ፤ የጎረቤት ልጆችም በአጠገቡ ኳስ ይጫወቱ ነበር። በዚያው ቀን ሳንቃ አስመጥቼ ክዳን አሠራሁለት፥ በዙሪያውም አጥር አቆምሁ። ልቤ እጅግ ደስ አለው፤ ኦሪት ለዛሬ ሰው እንዴት እንደሚጠቅም ለባለቤቴ ስሰብክላት ዋልሁ።

ማታ ንባቤን ቀጠልሁ። ምዕራፍ 24 ላይ ስደርስ፥ የድኻውን ሠራተኛ ዋጋ ፀሐይ ሳይገባ በቀኑ ስጠው፥ ነፍሱ በእርሱ ላይ ናትና፥ ወደ እግዚአብሔርም እንዳይጮኽብህ የሚለውን ትእዛዝ አገኘሁ። መጽሐፉን ዘጋሁት።

ያን ጉድጓድ የቈፈረው ሰው ግማሹ ዋጋው በእኔ ዘንድ ቀርቶ ነበርና። ሥራውን በፈጸመ ቀን ዝርዝር የለኝም፥ ነገ ና አልሁት። በማግስቱ ሲመጣ ደመወዝ አልወጣም አልሁት። ሦስተኛ በመጣ ጊዜ እኔ በጓዳ ተቀምጬ ሳለሁ ልጄን «አባቴ የለም በለው» ብዬ ላክሁት፤ ልጁም እንዳዘዝሁት ተናገረ። ሰውየው ከዚያ ወዲያ አልመጣም። እኔም የተወው መሰለኝ፤ ቀስ በቀስም የተወው ሳይሆን የተከፈለው መሰለኝ።

በማግስቱ ማምለጫ ፈለግሁ። የጥንት የአይሁድ መምህራን ስለዚህ ትእዛዝ ብዙ ተከራክረዋል፤ ሠራተኛው ዋጋውን ካልጠየቀ አሠሪው ሕጉን አላፈረሰም ብለው ወስነዋል። ይህን ባገኘሁ ጊዜ ጥቂት ተነፈስሁ፤ ነገር ግን ሦስት ጊዜ ጠይቆኝ ነበር። እነዚያው መምህራን በታልሙድ ደግሞ፥ ይህ ሰው በመሰላል የወጣው፥ በዛፍም ላይ የተንጠለጠለው፥ ራሱን ለሞት አሳልፎ የሰጠው ስለ ዋጋው አይደለምን ብለው ይጠይቃሉ። ይህን ሳነብ ያ ሰው ከ12 ክንድ በታች ሆኖ አፈር በባልዲ ሲልክ፥ እኔም በጉድጓዱ አፍ ጃንጥላ ይዤ ቆሜ ቶሎ በል ስለው ታየኝ። ጐኑ ቢናድ ኖሮ የሚቀበረው ማን ነበር?

እኔ መርጬ ባነብ ኖሮ ያችን ምዕራፍ በዚያ ሳምንት አልገልጣትም ነበር። መዝሙረ ዳዊትን ገልጬ፥ በጠላቶቼ ላይ የሚጮኸውን ክፍል በራሴ አፍ እያነበብሁ በተጽናናሁ ነበር።

የቀን ሠራተኞች ቆመው ቀጣሪ በሚጠብቁበት መንገድ ዳር ሁለት ጧት ፈልጌው አጣሁት፤ በሦስተኛው አገኘሁት። ከስቶ ነበር። በሐምሌ ልጁ ታሞበት ከእህል ነጋዴ በወለድ መበደሩን ከጓደኞቹ አንዱ ነገረኝ፤ እርሱ ራሱ ግን አላነሣውም። የቀረውን ዋጋና ስለ መዘግየቱ የጨመርሁትን ሰጠሁት። ሁለት ጊዜ ቈጠረና ትርፉን መለሰልኝ፤ ለምኜ አስያዝሁት። ከዚያ በኋላ ምጽዋት እንደ ተቀበለ ሰው ጐንበስ ብሎ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ፥ ጌታዬ» አለኝ። ከወቀሰኝ ይልቅ ይህ ቃል ከበደኝ፤ የምመልስለትንም አጣሁ።

ልሄድ ፊቴን ባዞርሁ ጊዜ ከኋላዬ ጠራኝ።

«ጌታዬ፥ ያ ጉድጓድ ተከደነ ወይ? ልጆች ሲጫወቱበት አይቼ ነበርና።»

«ተከድኗል» አልሁት።