ስለ ሠራተኛ ደም

ሰው በፊቱ ወዝ እንጀራውን እንዲበላ የታዘዘው ከአባታችን ከአዳም ጀምሮ መሆኑን የማያውቅ የለም። ነገር ግን ላቡን እንዲያፈስ ታዘዘ እንጂ፥ እንጀራውን ሲፈልግ ደሙን እንዲያፈስ የታዘዘ የለም። እኔ ይህን ልዩነት ያስተዋልሁት እጅግ ዘግይቼ ነው፤ ያስተማሩኝም ፊደል ያልቈጠሩ አንድ ባላገር ሽማግሌ ናቸው። ነገሩ ለእኔ የሚያሳፍር ቢሆንም፥ ለሌላው ትምህርት ይሆን እንደ ሆነ ብዬ ለአንባቢዎቼ እነግራለሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ ደብር የሕንጻ ሥራ ኮሚቴ ጸሐፊ ነበርሁ፤ የደብሩን ስም መጥራት አያስፈልግም። ሥራው ወደ ጕልላቱ በተቃረበ ጊዜ፥ አንድ ወጣት የቀን ሠራተኛ በባልዲ ሲሚንቶ ተሸክሞ በእንጨቱ ርብራብ ላይ ሲወጣ የረገጠው አጣና ተሰበረና ወደቀ፤ ሐኪም ቤት ሳይደርስም ዐረፈ። በሳምንቱ ተሰበሰብን፤ ሁላችንም ከልብ ዐዘንን፤ ለቤተ ሰቡ ገንዘብ አዋጣን፤ ጸሎተ ፍትሐት እንዲደረግለትም ወሰንን። እኔም በቃለ ጉባኤው ላይ «በእግዚአብሔር ፈቃድ በደረሰው አደጋ» ብዬ ጻፍሁ። ቃሉ ማንንም አያስቀይምምና መልካም መሰለኝ።

ከዚህ በኋላ የሟቹ አባት ከገጠር መጡ። የሰጠናቸውን ገንዘብ ሳይቈጥሩ በጋቢያቸው ጫፍ ቋጠሩና፥ «ጌታዬ፥ ልጄ የወደቀበትን እንጨት ያሳዩኝ» አሉኝ። እንጨቱ በአጥሩ ሥር ተጥሎ ነበር። ሽማግሌው ተንበርክከው ስብራቱን በጥፍራቸው ቢቧጥጡት እንደ ዱቄት ሆኖ ረገፈ። «ውስጡን ምስጥ በልቶታል። በእኛ አገር ይህን ለጎተራ እግር እንኳ አናደርገውም። ማን መረጠው?» አሉኝ። እኔም፥ «አባቴ፥ ከቀድሞው ሥራ የተረፈ ነው» ብዬ መለስሁላቸው። «እንግዲያስ አልተመረጠም» አሉና ዝም አሉ። ከዚያም በኋላ አንድ ቃል ሳይጨምሩ መንገዳቸውን ሄዱ።

እኔ ግን በዚያ ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። በማግሥቱ መዝገቡን ገልጬ ወደ ኋላ ብመለከት፥ አራት ገጽ ቀደም ብሎ በገዛ እጄ የተጻፈ ሌላ ውሳኔ አገኘሁ። የግንበኞቹ አለቃ ርብራቡ እንዲታደስና አዲስ አጣና እንዲገዛ ጠይቆን ነበር፤ እኛም «አሮጌው ይበቃል፤ ገንዘቡ ለመስኮቱ መስተዋት ይዋል» ብለን ወስነን ነበር። በመጀመሪያው ገጽ የእኛ ፈቃድ ተጽፏል፤ በአራተኛው ገጽ ግን ያው ፈቃድ የእግዚአብሔር ሆኖ ይነበባል። ፈቃዳችንን ወደ እርሱ ያዛወርሁት ጸሐፊው እኔ ነኝ።

የቤተ ክርስቲያን ልጆች እንደ መሆናችን ይህ ነገር አዲስ ሊሆንብን አይገባም ነበር። ጌታችን በሰሊሆም ግንብ ወድቆባቸው ስለ ሞቱት 18 ሰዎች ሲናገር፥ እነዚያ ሰዎች ከሌላው ይልቅ ኀጢአተኞች እንዳልነበሩ ገልጾ አስተምሯል። እንግዲህ የሟቹን ኀጢአት መመርመር ተከልክለናል። በኦሪት ዘዳግም በምዕራፍ 22 ደግሞ፥ አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው በሰገነቱ ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ፥ ያላደረገም እንደ ሆነ የሚወድቀው ሰው ደም በቤቱ ላይ እንዲሆን ታዟል። ሁለቱን ቃል አንድ ላይ ያነበበ ሰው የወደቀውን ከመክሰስ ይቈጠባል፤ መከታውን ማን አስቀረው ብሎ ግን መጠየቅ ይገባዋል።

ከዚያ ወዲህ በሌላው ዓለም የደረሰውንም ለማወቅ አነብብ ጀመር። እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር በማርች 25 ቀን 1911፥ በኒውዮርክ ከተማ ትራያንግል በሚባል የሸሚዝ ፋብሪካ እሳት ተነሥቶ 146 ሠራተኞች ሞቱ፤ የሚበዙትም ከኢጣልያና ከምሥራቅ አውሮጳ የተሰደዱ ወጣት ሴቶች ነበሩ። በ9ኛው ፎቅ አንዱ በር ተቈልፎ ነበር፤ የውጭው የብረት መሰላል ሸክሙ ከብዶት ተደረመሰ፤ የእሳት አጥፊዎቹም መሰላል ከ6ኛው ፎቅ በላይ አልደረሰም። እሳቱ ድንገተኛ ነው ቢባል፥ ቍልፉ ግን በሰው እጅ የዞረ ነው። ከዚህ በኋላ የኒውዮርክ መንግሥት መርማሪ ኮሚሲዮን አቁሞ ስለ ፋብሪካዎች ብዙ ሕግ አወጣ። እሳቱን በዐይኗ ያየች ፍራንሲስ ፐርኪንስ የምትባል ሴት በ1933 የአሜሪካ የሥራ ሚኒስትር ሆነች።

በባንግላዴሽም በአፕሪል 24 ቀን 2013 ራና ፕላዛ የሚባለው ባለ 8 ፎቅ ሕንጻ ፈርሶ ከ1,100 የሚበልጡ ሰዎች አለቁ። ሕንጻው መሰንጠቁ በዋዜማው ታይቶ ነበር። በዚያው ሕንጻ የነበሩት ባንክና ሱቆች ሲዘጉ፥ የልብስ ስፌት ሠራተኞቹ ግን በማግሥቱ ወደ ሥራቸው እንዲገቡ ተደረጉ። ስንጥቁ ለሁሉም አንድ ነበር፤ የባንኩ ጸሐፊ እንዲፈራ ተፈቀደለት፥ ልብስ ሰፊዋ ግን መፍራት አልተፈቀደላትም። ድሀ በሥራ ላይ የሚሞትበት ዋናው ምክንያት በዚህ ውስጥ የተሰወረ ይመስለኛል።

በጎ ምሳሌም አይጠፋም። በሳን ፍራንሲስኮ ጎልደን ጌት የሚባለው ድልድይ ከ1933 እስከ 1937 ሲሠራ፥ በዚያ ዘመን በአንድ ሚሊዮን ዶላር ሥራ አንድ ሰው ይሞታል ተብሎ ይገመት ነበር፤ ድልድዩም 35 ሚሊዮን ዶላር ያህል የሚፈጅ ነበረ። ዋናው መሐንዲስ ጆሴፍ ስትራውስ ግን ሠራተኞቹ ጠንካራ ቆብ እንዲደፉ አዘዘ፤ ከድልድዩም ሥር መረብ አስዘረጋ። በመረቡ ላይ ወድቀው 19 ሰዎች በሕይወት ተረፉ። የሞቱት 11 ናቸው፤ ከነዚህም 10ሩ የሞቱት በፌብሩዋሪ 17 ቀን 1937 ርብራቡ ተገንጥሎ መረቡን ቀድዶ በወደቀ ጊዜ ነው። መረብ የሚያስዘረጋ ሰው በተገኘ ጊዜ «ፈቃዱ ነው» የተባለው ሞት እንዴት እንደሚያንስ ከዚህ ይታያል።

ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በ2023 እንደ ገለጸው፥ በየዓመቱ ወደ 3 ሚሊዮን የሚጠጉ ሰዎች ከሥራቸው የተነሣ ይሞታሉ። 330,000 ያህሉ በአደጋ፥ 2.6 ሚሊዮን ያህሉ ግን ሥራው ባመጣባቸው ደዌ ነው። የድንጋይ ጠራቢውን ሳንባ የሚያደርቀው ብናኝ፥ የአስቤስቶስ ጭረት፥ ያለ ልክ የረዘመ የሥራ ሰዓት፥ እነዚህ ሁሉ ድምፅ ሳያሰሙ ይገድላሉ፤ ስለዚህም ቃለ ጉባኤ አይያዝላቸውም። በአደጋ ከሚሞቱት የሚበዙት በእርሻ፥ በሕንጻ ሥራ፥ በደንና በዓሣ ማጥመድ፥ በፋብሪካም የሚሠሩ ናቸው። በአሜሪካ በ2022 በሥራ ላይ በአደጋ ከሞቱት 5,486 ሰዎች ከሦስቱ አንዱ የሚበልጠው የሞተው በመጓጓዣ አደጋ ነው። በዚያ አገር ብዙ ወገኖቻችን መኪና እየነዱ ስለሚያድሩ፥ ይህ ቍጥር ለእኛም ሩቅ አይደለም።

በአገራችንም የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቍጥር 1156/2011 አሠሪው የሠራተኛውን ደኅንነት እንዲጠብቅ፥ የአደጋ መከላከያ ልብስና መሣሪያ እንዲሰጠው ያዛል። ሕጉ አልጐደለም፤ የጐደለው ርብራቡ ሥር ቆሞ ወደ ላይ የሚመለከት ሰው ነው። መስከረም 21 ቀን 2018 ዓ.ም. በአረርቲ ከተማ በማርያም ቤተ ክርስቲያን ለሕንጻው የተሠራው የእንጨት ርብራብ ተደርምሶ፥ ለበዓል ከመጡት ምእመናን ከ30 በላይ ማረፋቸውን ስንሰማ ሁላችን አለቀስን። እነዚያ ሠራተኞች አልነበሩም። ይሁን እንጂ በርብራብ ላይ ምን ያህል ሰው እንደሚቆም መወሰን የሰው ሥራ መሆኑን ያ ቀን ለሁላችን አሳይቶናል። በየቀኑ አንድ አንድ እየሆኑ የሚወድቁት ግን ልቅሶአቸው ከሰፈራቸው አያልፍም።

አንዳንድ ሰዎች «ድሆች ነን፤ ለመረብና ለቆብ ገንዘብ ከየት ይመጣል?» ይላሉ። እኔም ያልሁት ይህንኑ ነበር። ነገር ግን መስተዋቱን ገዝተን ነበርና ገንዘቡ አልጠፋም። ሌሎችም «ሠራተኛው ራሱ ይጠንቀቅ» ይላሉ። ዛሬ የመጣ የቀን ሠራተኛ «በዚህ እንጨት አልወጣም» ቢል፥ በበሩ የቆሙ ሌሎች 10 ሰዎች ይተኩታል። እንቢ ማለት የማይችለውን ሰው ተጠንቀቅ ማለት፥ ሸክሙን ከእኛ ትከሻ አንሥቶ በእርሱ ላይ መጫን ነው።

ከወር በኋላ በኮሚቴው ፊት ተነሥቼ ቃለ ጉባኤው እንዲታረም ለመንሁ። አዲስ አጣና እንዲገዛ ወዲያው ተፈቀደ፤ ስለዚህም ወንድሞቼን አመሰግናለሁ። ቃሉን ማረም ግን ክስ ያመጣል ተብሎ ቀረ። እኔም አልተከራከርሁም፤ ፈራሁ። ስብሰባው ከተበተነ በኋላ ብቻ መዝገቡን ገልጬ፥ በዚያች ቃል አጠገብ በኅዳጉ ላይ «አራት ገጽ ወደ ኋላ ተመልከት» ብዬ ጻፍሁ። እስከ ዛሬ ያነበበው ሰው መኖሩን አላውቅም።

ክቡራን አባቶቼ፥ የመሠረቱን ድንጋይ ልትባርኩ በሄዳችሁ ጊዜ፥ መወጣጫው የተሠራበትን እንጨት ደግሞ በእጃችሁ ዳስሱት። እናንተም የከተማ ወንድሞቼ፥ ቤት በምታሠሩበት ቀን ከአናጢው ጋር ስለ ዋጋ ከመከራከራችሁ በፊት አጣናውን ምስጥ እንዳልበላው መርምሩ። ያ ሽማግሌ የጠየቁኝ ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር፤ እኔም ለሌላው አስተላልፌዋለሁ፦ ማን መረጠው? እግዚአብሔር የሟቾችን ነፍስ ይማር፤ እኛንም ሳይሰበር የምናይበትን ዐይን ይስጠን።