በካኩማ ሙቀት ለብስባሽ ጋቢ

እኛ በካኩማ አንድ፣ በአንድ አጥር ውስጥ የምንኖር አራት ቤተሰቦች ነን። በግቢያችን ጥግ ባለችው የብስባሽ ሳጥን ምክንያት ብዙ ስለተሳቀብን፣ እናንተም ሳቁን ከነትምህርቱ ተካፈሉ ብለን ይህችን ጻፍን።

ነገሩ የጀመረው ራሽን ሲቀንስ ነው። በጆንያ አፈር ሞልተን ጎመንና ቆስጣ ተከልን፤ ግን አፈሩ ጉልበት የለውም፣ ተክሉ ቢጫ ሆኖ ቀረ። «ብስባሽ እንሥራ» ተባባልን። ከየቤቱ የሽንኩርት ልጣጭ፣ የጎመን ግንድና የቡና አተላ፣ ከቱርካና ጎረቤቶቻችን ደግሞ የፍየል በጠጥ ሰበሰብን። የዘይት ቆርቆሮ ዘርግተን ሳጥን ሠራንና «የካኩማ ፀሐይ ራሱ ያበስለዋል» ብለን ተቀመጥን።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ብንከፍተው ዳር ዳሩ ድርቆሽ ሆኗል! መሀሉም ለብ ከማለት አላለፈም።

ያልገባን ነገር ነበር ለካ። ብስባሽ የሚበስለው በፀሐይ ሳይሆን ከራሱ ውስጥ በሚነሳ ሙቀት ነው። በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ነፍሳት ቅጠሉንና ፍጉን ሲበሉት ይሞቃል፤ በደንብ ሲሠራ ከ55 እስከ 65 ዲግሪ ይደርሳል። እርጥበትና አየር ካጡ ግን ሥራቸውን ያቆማሉ። ክምሩ በቁመትም በወርድም አንድ ሜትር ያህል ከሆነ ሙቀቱን ራሱ ይይዛል፤ የእኛ ከዚያ ያንሳል። ስሱ ቆርቆሮ ቀን ግሎ ዳሩን ያደርቀዋል፣ ሌሊት ደግሞ ሙቀቱን ለንፋስ ይሰጣል።

አንዲት እናታችን ይህን አይተው፣ «ልጆቼ፣ ሊጥ እንኳ እንዲቦካ ይሸፈን የለም እንዴ? ጎታስ ያለ ልስን አይታችሁ ታውቃላችሁ? ጋቢ አልብሱት እንጂ!» አሉን። ጎረቤት ሰምቶ «በዚህ ሙቀት ጋቢ!» እያለ ሳቀ።

እኛ ግን እሳቸውን ሰማን። ኒም ዛፍ ጥላ ሥር እስከ ጉልበት ቆፍረን ሳጥኑን በግማሽ ቀበርነው። መሬት እንደ ቆርቆሮ ቶሎ አይግልም፣ ቶሎም አይቀዘቅዝም። ከመሬት በላይ ባለው ወገን፣ አንድ ስንዝር ርቀን ችካል ተከልንና ባዶ ማዳበሪያ ወጠርንበት፤ ጆንያውን ማለታችን ነው። ማዳበሪያ ለማዳበሪያ ዋለ ማለት ይኼ አይደል? በመሀሉ ደረቅ ሣር ጠቀጠቅን፤ ከውጭ ጭቃና የአህያ ፋንድያ አቡክተን ለሰንነው። ዝናብ ሲመጣ ጎርፉን ታውቁታላችሁና ዙሪያውን በአፈር ከፍ አደረግነው። የደረቀውን በሩዝና በምስር እጣቢ አርሰን፣ አዲስ በጠጥ ጨምረን መለስነው። ክዳኑ እርጥብ ጆንያ፣ ከላዩ ሰሌን ነው።

በአምስተኛው ቀን ፌሮ ሰክተን ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ብናወጣው በእጅ አያስይዝም። የሳቀው ጎረቤታችን ነክቶት «ኧረ!» አለ። አሁን የራሱን እየለሰነ ነው።

በየሳምንቱ እናገላብጠዋለን። እፍኝ አንስተን ስንጨምቀው ጠብታ ብቻ ካወጣ እርጥበቱ ልክ ነው፤ ውሃ ከፈሰሰው በዝቷል፣ ደረቅ ሣር ይጨመርበት። ሥጋ፣ አጥንትና ዘይት አታግቡ፤ የሰው ዓይነ ምድርም በፍጹም። ጊንጥ ጥላና እርጥበት ይወዳልና በባዶ እጅ አትዳስሱ፤ ልጆችም አይጠጉ።

አንድ ነገር ደግሞ እንጨምር። ብስባሹ ሳይደርስ ከአራታችን አንዱ ቤተሰብ ጉዳዩ አልቆለት ወደ ካናዳ ሄደ። እናትየዋ በመጨረሻው ቀን የቡናዋን አተላ ሳጥኑ ውስጥ ደፍታ፣ «እኔ ሳልበላው» ብላ አለቀሰች። እኛም አብረን አለቀስን። ይህ ካምፕ እ.ኤ.አ. በ1992 ከተከፈተ ወዲህ «ዛሬ ነገ እንሄዳለን» እያልን ስንቱን ሳንተክል ቀረን! ሦስት ወር የሚፈጅ ሥራ መጀመር ራሱ እዚሁ ለመቅረት መፈረም ይመስለናል። እሷ ግን ሄዳም የእሷ አተላ የእኛን ልጆች ጎመን አበላ። የሚሄድ ይሂድ፣ እግዚአብሔር ይቅናው፤ አፈሩ ለሚቀጥለው ይቆየዋል።

መሥራት የምትፈልጉ ቅዳሜ ከቡና በኋላ ብቅ በሉ፣ እናሳያችኋለን። ባዶ ማዳበሪያ ይዛችሁ ኑ። የቡና አተላችሁንም አትድፉ!