ሥራ የለኝም ያለችው ሠራተኛ

ቡናው እስኪፈላ እስቲ ስለ ሥራ ፍለጋ እንጫወት። እኛማ ሥራ አለን፣ አይመለከተንም ብላችሁ እንዳትነሡ፤ ነገሩ ዞሮ ዞሮ እናንተው ዘንድ ይመጣል።

አዲስ አበባ ውስጥ ዲግሪ ይዞ ሥራ የፈለገ ሰው አራት ኪሎን ሳያውቃት አይቀርም። እዚያ አንዱ ማስታወቂያ ሰሌዳው ፊት ቆሞ ይገለብጥ፣ ሌላው ጋዜጣ ተከራይቶ የክፍት የሥራ ቦታውን ገጽ ያስስ ነበር። ዛሬ ማስታወቂያው ወደ ቴሌግራም ቢገባም ጥያቄው አልተለወጠም፦ "ሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ የሠራ/ች"። "ዜሮ ዓመት" የሚል የተገኘ ዕለትማ ሰልፉ የኮንዶሚኒየም ምዝገባ ነው የሚመስለው።

ተመራቂው እዚህ እስኪደርስም ቀላል መንገድ አልመጣም። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የመውጫ ፈተና አለ፤ ማለፊያው 50 ከመቶ ነው። የወጪ መጋራቱን ያልከፈለ ዋናውን ዲግሪ ስለማያገኝ ቴምፖራሪውን ይዞ ይዞራል። ሥራው ተገኘ ሲባል ደግሞ ዋስ አምጣ ይባላል። ከሁሉም የምትከብደው ግን ዘመድም ጎረቤትም የሚወረውራት ጥያቄ ናት፦ "ሰው አለህ ወይ?"

እስቲ በሥራ ፍለጋ ላይ የተሠራ አንድ ጥናት ልንገራችሁ። ግሩም አበበንና ስቴፋኖ ካሪያን ጨምሮ ስድስት የኢኮኖሚ ተመራማሪዎች እዚሁ አዲስ አበባ፣ ከመሀል ከተማ ራቅ ብለው የሚኖሩ ወጣት ሥራ ፈላጊዎችን ይዘው ሁለት ነገር ሞከሩ። ለአንዳንዶቹ መሀል ከተማ ወርደው ማስታወቂያ እንዲያዩ የትራንስፖርት ገንዘብ ሰጡ። ሌሎቹን ደግሞ ሲቪና ማመልከቻ አጻጻፍ፣ ቃለ መጠይቅ ላይ አቀራረብ አሠለጠኑ፤ ችሎታቸውንም ፈትነው የምስክር ወረቀት ሰጧቸው። በመጀመሪያዎቹ ወራት ሁለቱም ጠቀሙ። ከአራት ዓመት በኋላ ሲታይ ግን የትራንስፖርቱ ጥቅም ጠፍቷል፤ የሠለጠኑት ገቢ ደግሞ ካልሠለጠኑት በልጧል። የበለጠ የተጠቀሙትም በተለምዶ ሥራ ገበያው የሚገፋቸው ናቸው። ጥናቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2021 ነው።

ይህን ሳነብ ትዝ ያለችኝ የጎረቤቴ ልጅ ናት። በአካውንቲንግ ተመርቃ ብዙ ጊዜ ያለ ሥራ ቆየች። እንዴት ነው ስላት "ሥራ የለኝም ጋሼ፤ ዝም ብዬ አክስቴ ሱቅ እውላለሁ" ትለኛለች። አክስቷ የሕንፃ መሣሪያ ነው የምትሸጠው። ዝም ብላ የምትውለው ልጅ ታዲያ የዱቤ መዝገቡን ትይዛለች፣ የዕቃ ቆጠራውን ትሠራለች፣ የካሽ ሬጅስተሩን ሒሳብ ትዘጋለች፣ 15 ከመቶውን ቫት አስልታ በየወሩ ታሳውቃለች። ሲቪዋ ላይ ግን ከተመረቀችበት ዓመት በታች ያለው ሁሉ ባዶ ነበር። ለምን አልጻፍሽውም ሲሏት "እሱማ ሱቅ ነው" አለች።

ቀድሟት ሥራ የያዘ የክፍሏ ልጅ ነው አስቀምጦ ያጻፋት። የምታውቀውን ፒችትሪ የተባለ የሒሳብ ሶፍትዌር ሳይቀር፣ የሠራችውን አንድ በአንድ። አልዋሸም፣ ማንንም አላስቸገረም፣ ስልክም አልደወለላትም። በዚያው ሲቪ አንድ አስመጪ ድርጅት ጠርቶ ፈተናት፤ ጁኒየር አካውንታንት አድርጎ ቀጠራት። እናቷ እልል ሲሉ ሰፈሩ ሰማ።

አሁን የሙከራ ጊዜዋ ላይ ናት። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ይህ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን መብለጥ የለበትም፤ አሠሪው ለሥራው ብቁ ሆና ካላገኛት ያለ ማስጠንቀቂያ ሊያሰናብታት እንደሚችል ሁሉ እሷም ካልተስማማት ያለ ማስጠንቀቂያ ትታ መውጣት ትችላለች። እሷ ግን መውጣቱን አላሰበችውም፤ ቫት ማሳወቁን ከነባሮቹ ፈጥና ስትጨርስ ጊዜ የት ተማርሽው ይሏታል አሉ።

እንግዲህ "ሰው አለህ ወይ?" ስንል ባለሥልጣን አጎት ብቻ ባይታየን ጥሩ ነው። ያ የክፍሏ ልጅም ሰው ነው። ትናንት ከተቀጠረ በላይ የዛሬን ፍለጋ የሚያውቅ የለም፦ የትኛው መሥሪያ ቤት ምን ይፈትናል፣ ማመልከቻው ላይ የቱ ዓረፍተ ነገር ነው ያስጠራው። ስለዚህ እናንተ በቅርብ የተቀጠራችሁ፣ በመጀመሪያው ደመወዝ ለእናት ጋቢ መግዛቱ ያለ ነው፤ ምርቃቱንም ተቀበሉ። ከዚያ አንድ ሥራ ፈላጊ አጠገባችሁ አስቀምጡና ሲቪውን አብራችሁት እዩ። ከተመረቅህ ወዲህ ምን ስትሠራ ነበር በሉት። "ምንም" ካላችሁ አትመኑት፤ ደግማችሁ ጠይቁት።