ዘርና እርሻ

በእንግሊዝ አገር መንታ ልጆች ተመርምረው፥ በ16 ዓመታቸው በተፈተኑት ፈተና ከታየው የውጤት ልዩነት 58 ከመቶው ከትውልድ የመጣ መሆኑ በፈረንጆች አቈጣጠር በ2013 ተጻፈ። ይህን ሰምቶ፥ ራቱን ሳይበላ ያደረውን ተማሪ «ከተፈጥሮው ደነዝ ነው» ብሎ የሚያሰናብት መምህር ቍጥሩን አልተረዳውም፤ የተቈጠረው በልጆች መካከል ያለው ልዩነት ነው እንጂ የአንዱ ልጅ ዕድል አይደለም። እርሻው ሲስተካከል የሰብሉ ብልጫ ከዘሩ ይሆናል፤ በጭንጫ ላይ የወደቀ ዘር ግን መልካምነቱ በምን ይታወቃል? በአሜሪካ ስለ 7 ዓመት መንቶች በ2003 የወጣው ጽሑፍ እንደሚለው፥ በድኾች ቤት የአእምሮ መለኪያው ልዩነት 60 ከመቶው ከቤት ኑሮ የመጣ ሲሆን የትውልድ ድርሻ ኢምንት ነበረ፤ በባለጸጎች ቤት ነገሩ ተገለበጠ። በምዕራብ አውሮጳ ግን ይህ መገለባበጥ አልተገኘም፤ በዚያ የድኻው ልጅ ትምህርት ቤትና ሐኪም ስለማያጣ ይሆን?