«የኖርዌይ ዜማ»ን ስናይ

እውነቱን እንናገር፤ ፊልሙን የመረጥነው ልንሥቅበት ነበር። አራት ሆነን በዶርማችን ታችኛው አልጋ ላይ ተደርድረን፣ ላፕቶፑን ወንበር ላይ አስቀምጠን፣ ቆሏችንን ከመሐል አድርገን ተቀመጥን። ፊልሙ «ሶንግ ኦፍ ኖርዌይ» ይባላል፤ «የኖርዌይ ዜማ» እንበለው። አንድሩ ስቶን ያዘጋጀው፣ በ1970 የወጣ (ዓመቱ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው)፣ የሙዚቃ ደራሲውን የኤድቫርድ ግሪግን ወጣትነት በዘፈን የሚተርክ ሥራ ነው። መነሻው በ1944 ብሮድዌይ ላይ የታየ ኦፔሬታ ሲሆን፣ የግሪግን ዜማዎች እየመዘዙ ግጥም ያለበሷቸው ሮበርት ራይትና ጆርጅ ፎረስት ናቸው። ፊልሙ እንደ ወጣ ሃያስያን ወረዱበት። «ሳውንድ ኦፍ ሚዩዚክ» ያገኘውን ገበያ ለማግኘት የተሠራ፣ ሰው ረስቶ ተራራ የሚያሳይ ነው ተባለ። ዛሬም ስሙ ሲነሣ ከዚህ የተሻለ ነገር አይሰማም።

የሚያሥቅስ አላጣንም። ግሪግን ሆኖ የሚሠራው ኖርዌጂያዊው ቶራልቭ ማውርስታድ ያኔ ከአርባ ዓመት አልፎ ነበር። ጎረምሳ ነኝ ብሎ ብቅ ሲል ከመካከላችን አንዱ «አባባ፣ ቀስ ይበሉ!» አለ። ትሮል የሚባሉት የተረት ጭራቆችም በካርቱን ተሥለው ከሕያው ሰው ጋር ይደባለቃሉ፤ እዚያ ላይ ቆሎው ተበተነ።

ሣቃችን የቆመበትን ደቂቃ አናስታውስም። ብቻ ያ የተወቀሰው ተራራ ዝም አሰኘን። ፊልሙ የተነሣው በሰባ ሚሊሜትር፣ እዚያው ኖርዌይ ውስጥ ነው፤ በእኛ ትንሽ ስክሪን እንኳ ፏፏቴው ከገደል ሲወርድ፣ ባሕሩ በተራሮች መሐል ሲገባ ዜማው አብሮ ይሄዳል። ሃያስያኑ ይህን እንደ ማዳመቂያ ቆጠሩት። እኛ ግን የግሪግ ችግር ራሱ ይኸው ነበር እንላለን። ልጁ በአሥራ አምስት ዓመቱ፣ በ1858፣ ላይፕሲክ ተላከ። ጀርመኖች ሙዚቃ እንዴት እንደሚጻፍ አስተማሩት፤ የበርገንን ዝናብ እንዴት እንደሚጻፍ ግን ከየት አምጥተው ያስተምሩት? አገሩ ያኔ በስዊድን ንጉሥ ሥር ናት፤ የተማረው ሰው የሚጽፈው በዴንማርክ ቋንቋ ነው። የራሷ የሆነውን ድምፅ የያዘው ገበሬው ነበር፤ በሠርግ ላይ የሚጫወተው ሃርዳንገር የሚባል ቫዮሊን። ይህ ቫዮሊን ከሚመቱት ክሮች በታች ማንም ሳይነካቸው አብረው የሚያስተጋቡ ሌሎች ክሮች አሉት። (ለእኛ በአንድ ክር ማሲንቆ ላደግነው ይህ የቅንጦት ነው።) ዜማ ከመሬቱ ጋር እንዲህ መያያዙን በንግግር ማስረዳት ያደክማል። ፊልሙ አላስረዳም፤ አሳየ።

ከእኛ አንዱ፣ ሁሌም የሚከራከረው፣ «ቆይ፣ ቆይ» አለ። ያ ሁሉ ሰው ሲሰማው ተራራ የሚታየው የፒያኖ ኮንቼርቶ በ1868 የተጻፈው ሜዳ በሆነችው በዴንማርክ ነው! እውነቱን ነው። ይህ ግን ፊልሙን ያፈርሰዋል ወይስ ያጸናዋል? ተራራን የሚያስበው ሜዳ ላይ ያለ ሰው ነው። ከቤቱ ርቆ ዶርም ውስጥ ያደረ ይፍረደን።

እስከዚህ ድረስ ነገሩ የሙዚቃ ነበር። ኑርድሮክ ሲመጣ ሌላ ሆነ።

ሪካርድ ኑርድሮክን በፊልሙ የሚሠራው ዘፋኙ ፍራንክ ፖሬታ ነው፤ ድምፁ ክፍሉን ይሞላል። ኑርድሮክ የኖርዌይን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ የደረሰ ወጣት ነው። ግሪግን በ1864 ኮፐንሀገን አግኝቶ «ወደ ራስህ አገር ዜማ ተመለስ» ያለው እሱ ነው ይባላል። በማግሥቱ ቤተ መጻሕፍት ገብተን የቀረውን አነበብን። በ1865 ኑርድሮክ በርሊን ውስጥ በሳምባ ነቀርሳ ታሞ ተኛ። ግሪግ «እመለሳለሁ» ብሎት ወደ ላይፕሲክ ሄደ፤ ከዚያ ግን በርሊን በመመለስ ፈንታ ጉዞውን ወደ ጣሊያን ቀጠለ። በሽተኛው ወቀሳ ጻፈለት። መጋቢት 1866 ኑርድሮክ ሞተ፤ ሃያ ሦስት ዓመቱ ነበር። ግሪግ መርዶውን ሮም ላይ ሰምቶ የቀብር ማርሽ ጻፈለት። ያን ማርሽ ዕድሜ ልኩን አልተለየውም፤ በ1907 በራሱ ቀብር ላይ የተመታውም እሱ ነው።

ይህን ያነበብንበት ማታ ዶርም ተመልሰን ብዙ አላወራንም። ፊልሙን ያየንበት ታችኛው አልጋ የአምስተኛው ጓደኛችን ነው። ታሞ ትምህርቱን አቋርጦ ደብረ ታቦር ወላጆቹ ዘንድ ከገባ ዓመት ሊሞላው ነው። መናኸሪያ ስንሸኘው «ፈተና እንጨርስና እንመጣለን» ብለነው ነበር። ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ተፈትነናል። አንድ ቀን በስልክ «አልጋዬን ለሰው ሰጣችሁት እንዴ?» ብሎ ጻፈልን፤ እኛም በሣቅ መለስን፤ እሱ ግን ከዚያ በኋላ አልጻፈም።

ያ ተከራካሪው ልጅ የአውቶቡስ ዋጋ ስንት ነው ብሎ ጠየቀ። ኪሳችንን አራገፍን። ለሁለት ሰው ደርሶ መልስ የሚበቃ ተገኘ፤ ማን ይሂድ የሚለው ላይ ግን ይህን እስከምንጽፍ ድረስ አልተስማማንም። ላፕቶፑ አብሮ እንደሚሄድ ብቻ ተስማምተናል፤ ፊልሙ ውስጡ አለ፤ በካርቱኖቹ እሱም ይሥቅ።