ዙሪያ ጥምጥም ወደ ካርካሶን

ከአቪኞን ተነስቶ ካርካሶን ለመድረስ ሁለት ሰዓት ተኩል ይበቃል። ርቀቱ 250 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ፈረንሳዮች አውቶሩት በሚሉት ባለ ክፍያ ፈጣን መንገድ ላይ የቤት መኪና በሰዓት እስከ 130 ኪሎ ሜትር እንድትከንፍ ተፈቅዶላታል። ኬላው ላይ ሂሳብ መክፈል፣ ነዳጅ መርገጥ፣ መድረስ… በቃ! ታዲያ ነገሩ ይህን ያህል ቀላል ከሆነ፣ ለዚህች መንገድ ሦስት ቀን ሙሉ መድቤ በየማታው ካርታ ዘርግቼ የማመሸው ምን ሆኜ ነው?

ወንድሜም የሚጠይቀኝ ይህንኑ ነው። ጋሼ ነው የምለው፤ በአሥር ዓመት ይበልጠኛል። አቪኞን አጠገብ መኖር ከጀመረ አሥራ አራት ዓመት ሆኖታል። እንጀራው ተሳቢ መኪና መንዳት ነው። ከአቪኞን ወደ ቱሉዝ ጭነት ይዞ ይሄዳል፣ ሌላ ጭነት ይዞ ይመለሳል። በዚያ መንገድ ላይ «ፖን ዱ ጋር» የሚል ቡናማ ሰሌዳ አለ። ሁለት ሺህ ዓመት ገደማ የሞላውን የሮማውያን ድልድይ የሚያመለክት ነው።

«ስንት ጊዜ አልፈኸዋል?» አልኩት በስልክ።

«ማን ይቆጥራል?»

«አንድ ቀን ገብተህ አይተኸዋል?»

«አንቺ ልጅ ደግሞ! ሃያ ምናምን ቶን ጭኜ ድንጋይ ልጎበኝ?»

የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይሄ አይደል? ግን በእሱ ለመፍረድ አልቸኮልኩም። ስንቶቻችን ነን አዲስ አበባ ተወልደን አድገን፣ ላሊበላን በፖስት ካርድ ብቻ የምናውቀው? መንገድ እንጀራ ለሆነበት ሰው የሰሌዳው ትርጉም ሌላ ነው፤ «ይህን ያህል ቀረኝ» ከማለት አያልፍም።

ጊዜውን የመረጥኩት እኔ ነኝ፤ መስከረም መባቻ። በነሐሴ ፈረንሳይ በሙሉ ወደ ባሕር ይፈልሳል፤ ያ መንገድ በመኪና ይታፈናል፤ ፀሐዩም አናት ይበሳል። በመስከረም ግን እረፍተኛው ወደየቤቱ ተመልሷል፤ የወይን ለቀማው ተጀምሯል፤ ለእኛም አዲስ ዓመት ነው። ጋሼ ለቪዛዬ የሚያስፈልገውን የማረፊያ ማረጋገጫ ከሚኖርበት ከተማ ማዘጋጃ ቤት አውጥቶ ልኮልኛል። ከሥራ ያገኘው ፈቃድ ሦስት ቀን ነው። ከተያየን ደግሞ ዘጠኝ ዓመት አልፎናል። እንግዲህ ሂሳቡ ይህ ነው፤ ሦስት ቀን ለዘጠኝ ዓመት!

ከአቪኞን የምንነሳው በማለዳ ነው። ከተማይቱ ከ1309 እስከ 1377 እ.ኤ.አ. የሮማ ሊቃነ ጳጳሳት መንበር ነበረች፤ ቤተ መንግሥታቸው ዛሬም እንደ ተራራ ተገትሮ ይታያል። እኔን የሚገርመኝ ግን በሮን ወንዝ ላይ የቀረው የቅዱስ ቤኔዜ ድልድይ ነው። ሃያ ሁለት ቅስቶች ነበሩት ይባላል። ጎርፍ ሲያፈርሰው ሲጠግኑት፣ ሲያፈርሰው ሲጠግኑት ኖረው በአሥራ ሰባተኛው መቶ ዓመት ተስፋ ቆርጠው ተዉት። ዛሬ አራት ቅስት ብቻ ይዞ ወንዙ መካከል ቀጥ ብሎ ቆሟል። የትም የማያደርስ ድልድይ ነው፤ ሕዝብ ግን ከፍሎ ይወጣበታል።

ከዚያ ወደ ፖን ዱ ጋር፤ ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ ነው። እዚህ ላይ ለጋሼ ያዘጋጀሁት ክርክር አለኝ። ኡዜስ አጠገብ ካለው ምንጭ እስከ ኒም ከተማ በቀጥታ ቢለካ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሮማውያን ግን ውሃውን የወሰዱት 50 ኪሎ ሜትር ያህል አዙረው ነው። መካከሉ ኮረብታ ነው፤ ውሃ ደግሞ ሽቅብ አይሄድም። ስለዚህ ቦዩ የኮረብታውን ጥግ ጥግ ይዞ ይዞራል። ከምንጩ እስከ ከተማው ያለው የከፍታ ልዩነት 12 ሜትር ተኩል ቢሆን ነው፤ በአንድ ኪሎ ሜትር አንድ ስንዝር ያህል ዝቅታ ማለት ነው። ጋርዶን የተባለውን ወንዝ ለመሻገር ነው እንግዲህ፣ 49 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለውን ባለ ሦስት ደርብ ድልድይ የሠሩት። በቀጥታው መንገድ ቢሆን ኖሮ ውሃው ኒም አይደርስም ነበር። ዙሪያ ጥምጥም የሄደው ለመዝናናት ሳይሆን ሌላ የመድረሻ መንገድ ስላልነበረው ነው።

ከኒም እስከ ቤዚዬ ያለውንም በመንደር ለመንደር መንገድ ልሄድበት አስቤ ነበር። ይህን ስነግረው ጋሼ ትንሽ ዝም አለና «እዚህ ጋ በእኔ መንገድ እንሂድ» አለኝ። በጠቅላላው ዕቅድ ውስጥ የጠየቀኝ ይህንን ብቻ ነው። ምክንያቱ ከቤዚዬ ወዲህ ያለች አንዲት የከባድ መኪና ማቆሚያ ናት። ነዳጅ ማደያ፣ የቡና መሸጫ፣ ጥቂት የጥድ ዛፎች… ሌላ ምንም የሌለበት ቦታ። የአባታችንን ሞት በስልክ የሰማው እዚያ ቆሞ ሳለ ነው፤ የዛሬ ስድስት ዓመት። የመኖሪያ ወረቀቱ እድሳት ላይ ስለነበር መምጣት አልቻለም። እኛ እዚህ ድንኳን ተክለን፣ ሰው ከቦን ስናለቅስ፣ እሱ እርሙን ያወጣው መሪው ላይ ተደፍቶ ብቻውን ነው። ሲነጋ ጭነቱን አደረሰ።

ስድስት ዓመት ሙሉ በስልክ ስለዚህ ነገር አውርተን አናውቅም። «ደህና ነህ?» «ደህና ነኝ፤ እናንተስ?» ነው። ስልክ ለእንዲህ ያለ ወሬ አይመችም። መኪና ውስጥ ግን ሁለት ሰው ጎን ለጎን ተቀምጦ ፊት ለፊት መንገዱን እያየ ነው የሚያወራው፤ ዓይን ለዓይን ካልተያዩ ከባድ ነገር ይቀላል። ስለዚህ ያችን መኪና ማቆሚያ በካርታዬ ላይ ከሊቃነ ጳጳሳቱ ቤተ መንግሥት እኩል አከበብኳት።

ከእሷ በኋላ ያለው ከሰዓት ባዶ ነው፤ ሆን ብዬ ነው የተውኩት። ቤዚዬ የካናል ዱ ሚዲ አገር ናት። ይህ 240 ኪሎ ሜትር የሚረዝም ቦይ ቱሉዝን ከሜዲትራኒያን ባሕር ያገናኛል። ያስቆፈረው የከተማይቱ ተወላጅ የሆነ ፒየር ፖል ሪኬ የሚባል የጨው ግብር ሰብሳቢ ነው። ሥራው በ1666 እ.ኤ.አ. ተፈቀደለት፤ የራሱን ሀብት ጭምር አፈሰሰበት፤ በ1680 ሞተ። ቦዩ የተመረቀው በዓመቱ በ1681 ነው። የለፋበትን ሳያይ ሄደ። ፎንሴራን በተባለው ስፍራ ጀልባዎች በተደራረቡ የውሃ በሮች እንደ ደረጃ ከ20 ሜትር በላይ ሽቅብ ሲወጡ ይታያል። በዳርና ዳር የተሰለፉት የፕላታን ዛፎች 42 ሺህ ያህል ነበሩ፤ ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ግን የሻጋታ በሽታ እየጨረሳቸው በብዙ ሺህ ተቆርጠዋል፤ በምትካቸው ሌላ ችግኝ ይተከላል። ከቀሩት በአንዱ ጥላ ሥር መቀመጥ ነው የዚያ ቀን ፕሮግራም።

ሦስተኛው ቀን በጠባቦቹ መንገዶች ወደ ሚኔርቭ ነው። በሁለት ገደል መካከል የተንጠለጠለች መንደር ናት፤ መኪና ውጭ ትቆማለች፤ የሚገባው በእግር ነው። በ1210 እ.ኤ.አ. የመስቀል ጦር ከበባት፤ ካታር የሚባሉ 140 ያህል ምእመናን እምነታችንን አንክድም ብለው እዚያ በእሳት ተቃጠሉ። እዚያ ብዙ አናወራም። ከዚያ ወደ ካርካሶን፤ ሃምሳ ሁለት ግንብ፣ በእጥፍ የዞረ ቅጥር። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ድንጋዩ እየተፈታ ሊያልቅ ሲል ነው የከተማው ተቆርቋሪዎች ጮኸው ያስቀሩት፤ ቪዮሌ ለ ዱክ የተባለው አርክቴክትም ከ1853 ጀምሮ መልሶ አቆመው። ጣሪያው የደቡብ አገር ጣሪያ አይደለም ብለው እስከ ዛሬ የሚያሙት አሉ። ይሙት! ጣሪያ የሚታማው ግንቡ ሲቆም ነው።

ሞንፔልዬን ሰርዣለሁ፤ ናርቦንንም፤ ባሕሩንም። የኒምን የሮማውያን ስታዲየም ከመኪና ላይ ሆነን ብናየው ይበቃናል። ለመሰረዝ የከበደኝ ነገር አልነበረም፤ ምን ለማግኘት እንደምሄድ አውቀዋለሁና።

ጋሼ ትናንት ማታ ደወለ። «ሦስት ቀን ምን ያደርጋል?» የሚለውን ጥያቄውን ትቶታል። ቦዩ ዳር ቡና እናገኝ እንደሆን ነው የጠየቀኝ። አፍልተህ በፔርሙዝ ያዝ አልኩት፤ ሲኒው ከእኔ ጋር ይመጣል።